የሦስት ቅዳሜ ደቦ

«ሁለት ጉድጓድ!» አለች ሴትዮዋ ሁለት ጣቷን መምህር ምንተስኖት አፍንጫ ሥር ቀስራ። «ሁለት ሙሉ ጉድጓድ ቆጮ! አንበጣ እንኳ ቢመጣ ቅጠሉን በልቶ ይሄዳል፤ እናንተ ከመሬት በታች ያለውን ጨረሳችሁት!»

«እትዬ ፈቲሀ፣ እባክሽ ቁጭ ብለን...»

«እትዬ አትበለኝ፣ ብበልጥህ በሁለት ዓመት ነው። ቁጭም አልልም!»

ከመምህራን ማረፊያው ጥግ አንዱ ሳቁን በሻይ ብርጭቆው ደበቀ። ሌሎቹ ወረቀት የሚያርሙ መስለው ጆሯቸውን አቁመዋል። ፈቲሀ ቡታጅራ ገበያ ውስጥ ቆጮና ቅቤ የምትሸጥ፣ ከገበያው ጫፍ ስትጠራ ከሌላው ጫፍ «አቤት» የምትባል ሴት ናት። የሸቀጥ ከረጢቷን በሩ ላይ ጥላ፣ ዘበኛውን ገፍታ የገባችው በእናቷ በሳሌሃ ጉዳይ ነው።

«ልንረዳት ነው የሄድነው» አለ ምንተስኖት። ድምፁ የታሪክ መምህር ሳይሆን የተያዘ ተማሪ ድምፅ ሆነበት። «አርመናል፣ ፍግ ተሸክመናል፣ አጥሯን አጥረናል። እንድታበላን ማንም አልጠየቃትም። ልጆቹ ምሳቸውን ይዘው ነው የሄዱት።»

«አዎና! ዳቦ በፌስታል ይዘው! እሷ ደጅ!» ፈቲሀ ዙሪያውን ምስክር የምትፈልግ መስላ አየች። «አንተ ጉራጌ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ። የሶዶ ልጅ ነኝ።»

«ሶዶ አገር ሰው ደቦ ውሎ ጦሙን ነው የሚመለሰው?»

«ይሄ ደቦ አይደለም። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው።»

«እሱን ለእሷ ንገራት! የቀበሌው ሰው መጥቶ ‹ቅዳሜ አርባ ሁለት ልጆች ሊሠሩልሽ ይመጣሉ› ነው ያላት። አርባ ሁለት ሰው ማሳዋ ላይ ሊሠራላት ሲመጣ አንዲት ሴት ምን ታድርግ? በሯን ዘግታ ትተኛ?»

 ይህን ከተናገረች በኋላ የፈቲሀ ቁጣ ትንሽ በረድ አለ። አልቀመጥም ያለችው ሴት ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ድምፅዋም ከገበያ ወደ ቤት ወረደ።

«አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው የቀራት» አለች። «እሱም ገና አልደረሰም። አዲስ እንሰት ፍቃ፣ ቀብራ፣ እስኪበስል ድረስ የምትቆየው በእሱ ነው። ከዚያ ውጪ ምንም የላትም። አሁን ደግሞ ቅዳሜ የዞን እንግዶች ይዛችሁ ትመጣላችሁ አሉ። ትናንት ብሄድ ከጎረቤት ቅቤ ተበድራ በኮባ ጠቅልላ አስቀምጣለች። እሱን ጉድጓድ ልትከፍትላችሁ ነው።»

«እኔ እኮ አላወቅኩም።»

«አሁን አወቅክ። ቅዳሜ እንዳትመጡ።» ተነሥታ ከረጢቷን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «ደግሞ ‹ፈቲሀ ነገረችኝ› እንዳትላት። እናቴ በሕይወቷ ‹የለኝም› ብላ አታውቅም። እኔ ‹የላትም› እያልኩ መዞሬን ከሰማች፣ ደጇን ሁለተኛ አልረግጥም።»

 ገና ከመውጣቷ ባለ ሻይ ብርጭቆው፣ የሒሳቡ መምህር፣ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

«ምንቴ፣ ድህነትን ታስተምራለህ ስንል ለካ ታመርተዋለህ!»

ሳቁ ግድግዳውን መታ። ምንተስኖትም አብሮ ሳቀ፤ ባይስቅ ይብስበት ነበርና።

ይህን ሥራ የጀመረው በንዴት ነበር። ዓምና የትምህርት ቤቱ የበጎ አድራጎት ክበብ አሮጌ ልብስ ሰብስቦ፣ ከቀበሌ ስም ዝርዝር አምጥቶ፣ ሰዎቹን በሰንደቅ ዓላማው ሥር አሰልፎ በድምፅ ማጉያ እየጠራ አድሎ ነበር። ለማየት ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዱ የገዛ አክስቱ ስም ሲጠራ ሰምቶ ከሰልፉ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ክፍል አልገባም። ምንተስኖት በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጣ። ድህነት በሰልፍ አይታይም፣ ታሪክ አለው ብሎ ከራሱም ከርዕሰ መምህሩም ጋር ተከራከረ። ልጆቹ ሰው ለምን ድሃ እንደሆነ ሳያውቁ ካልሲ ቢያድሉ ምን ይማራሉ? መሬቱ የማን እንደነበረ፣ ማን ለማን ይገብር እንደነበረ፣ ማን ልጁን ጫማ እንዲጠርግ አዲስ አበባ እንደላከና ለምን እንደላከ ይወቁ። ከዚያ አንድ ቤት ሄደው በእጃቸው ይሥሩ፤ ይጠይቁ፤ የሰሙትን ይጻፉ።

እሺ ተባለ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆቹን ይዞ በጥቅምት ለሦስት ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ሳሌሃ ማሳ ወረደ። ሳሌሃ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጋች፣ ቀጥ ያለች ባልቴት ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማሳው ከሞላ ጎደል ሁሉም እንሰት ሆኖ እሱም ጉልበት አጥቶ አረም ውጦታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ፌስታላቸውን ፈትተው ዳቦ ሲያወጡ ሳሌሃ ከቤት ሮጣ ወጣች። በመስቃን ጉራጊኛ ምን እንዳለች ምንተስኖት በደንብ አልሰማም። ሩፋይዳ የምትባለው ተማሪ፣ የመስቃን ልጅ ናትና፣ እየሳቀች «ዳቦውን ደብቁ እያለች ነው፣ ተቆጥታለች» አለች። ከዚያ ቆጮው መጣ፤ ጎመኑ መጣ፤ አይቡ መጣ። ልጆቹ የወጣት ሆዳቸውን ከፍተው በሉ። ምንተስኖትም በላ። በሁለተኛው ቅዳሜ ዳቦ ይዞ የሄደ አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሰኞ ክፍል ገብቶ ይህንኑ አስተማረበት። «ልብ በሉ» አለ፤ «ምንም የሌላት ሴት ያላትን ሁሉ አቀረበች። ድህነት ልብን አያደኸይም።» ልጆቹ ጻፉት። እሱም በሪፖርቱ ላይ አስገባው።

አሁን ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የልጆቹን ደብተር አገላበጠ። የሩፋይዳን አወጣና ያነበበውን ገጽ እንደገና አነበበ። ልጅቷ ሳሌሃን በቋንቋዋ ጠይቃ ወደ አማርኛ መልሳ ነበር የጻፈችው።

«አባቴ የሰው መሬት ነበር የሚያርሰው። በሳምንት ሁለት ቀን የባለመሬቱን ማሳ ይሠራል። ስንቁን ከቤት ይዞ ይሄዳል። እናቴ በኮባ ትጠቀልልለታለች። አንድ ቀን እኔ ስንቁን ይዤ ስሄድ ባለመሬቱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይበላል፤ አባቴና ሌሎቹ ደግሞ ፀሐይ ላይ የየራሳቸውን ይበላሉ። መሬቱ የኛ በሆነ ዓመት አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ ደቦ አደረገ። አንዱ ሰው በልማዱ ስንቅ ይዞ መጣ። አባቴ ከእጁ ቀምቶ ለውሻ ሰጠውና፣ በዚህ መሬት ላይ ከእንግዲህ የራሱን ስንቅ የሚበላ ሠራተኛ አይኖርም አለ። እኔ ያኔ ኮረዳ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው የራሱን ስንቅ በልቶ አያውቅም።»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሱ እጅ፣ ትልቅ ራይት ነበር። ከጎኑ «ጥሩ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ጻፊ» ይላል።

ምንተስኖት ደብተሩን ዘጋ። ሊያስተምር የሄደው ታሪክ ይሄው ነበር፤ ከነሕይወቱ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦለት እሱ ዓመተ ምሕረት ጠየቀው። ሳሌሃ አርባ ሁለቱን ልጆች ያበላችው ከቸርነት ብቻ አልነበረም። በአባቷ ማሳ ላይ ዳቦ ከፌስታል እያወጡ ሲበሉ ብትተዋቸው፣ እሷ ባለመሬት፣ እነሱ ጭሰኛ ይሆኑባት ነበር። እሷ ደግሞ ይህን ከማየት ጉድጓዷን ባዶ ማየት መረጠች።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። አቶ ከማሉ ክፉ ሰው አይደለም። ለአሥራ ሁለት ዓመት ጣሪያ የሚያፈስ ትምህርት ቤት ያስተዳደረ፣ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ «እሺ» ብሎ ከታች የሚመጣውን ሁሉ «እናያለን» ማለት የለመደ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለ ባነር ነበር።

«ምንቴ! ና፣ ና እየው» አለና ጫፉን ገለጥ አደረገ። «ታሪክን በተግባር፣ ድህነትን በትብብር!» ይላል በትልቁ።

«ጋሽ ከማሉ፣ የቅዳሜው ይቅር።»

«የቱ ይቅር?»

ምንተስኖት የፈቲሀን ስም ሳይጠራ ነገሩን አስረዳ። ከማሉ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ መስማቱን ይችልበታል።

«ታዲያ ምግብ ይዘን እንሂዳ። ዳቦና ለስላሳ እናዝዛለን።»

«እሷ ማሳ ላይ የራሳችንን አንበላም እኮ ነው የምልህ።»

«ጥሩ፤ አንድ ኩንታል ዱቄትና ዘይት በእንግዶቹ ፊት እንስጣት። የበላነውን ይተካል፤ ፎቶውም ያምራል።»

«አትቀበልም።»

«ለምን አትቀበልም?»

«ድሃ አይደለችማ! ማለቴ... ራሷን እንደ ድሃ አትቆጥርም።»

ከማሉ ባነሩን ለቀቀው፤ ራሱን ጠቀለለ። «ስማ፣ አንድ ነገር ወስን። ድሃ ናት ብለህ ከቀበሌው ዝርዝር የመረጥካት አንተ ነህ። ድሃ ካልሆነች ለምን ሄድን? ድሃ ከሆነች ደግሞ ለምን አትቀበልም? እኔ ለዞን ‹ተሞክሮ አለን› ብዬ ጽፌአለሁ። ሰዎቹ ነዳጅ አቃጥለው ነው የሚመጡት። ‹ባልቴቷ ብዙ ስላበላችን ቀረ› ልበላቸው?»

«እውነቱ እሱ ከሆነስ?»

«እውነት ብቻውን ሪፖርት አይሆንም፣ የኔ ወንድም።»

እንዲህ ሲሉ ቆዩ። ምንተስኖት ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጸሐፊዋ በሩን ዘጋች። በመጨረሻ ከማሉ እንደ ገበያ ሰው መሃል ላይ ቆረጠው። የመስክ ጉብኝቱ ይቀራል፤ እንግዶቹ ወደ አዳራሽ ይገባሉ። በምትኩ ምንተስኖት ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ ሪፖርቱን ያነባል፤ ተሞክሮው በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ወደ አሥር ቤቶች እንደሚሰፋም ያስታውቃል።

«አሥር ቤት?» አለ ምንተስኖት። «በአንዱ ይሄ ሆኖ?»

«አንብበው ብቻ። የሚሰፋው ወረቀት ላይ ነው። አሮጊቷን አድንልኝ አላልክም? አዳንኩልህ።»

ምንተስኖት እሺ አለ። ቢሮውን ሲለቅ የጀመረውን ጠብ አሸንፎ ይሁን ተሸንፎ መለየት አቃተው።

ክፍል ውስጥም ቀላል አልሆነለትም። ልጆቹን ቅዳሜ ወደ ማሳው እንደማይሄዱ ነገራቸው፤ ምክንያቱንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ሳሌሃ ጆሮ እንዳይደርስም አስማላቸው።  ከዚያ ራምዚ፣ የአንድ ሆቴል ባለቤት ልጅ፣ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ስለዚህ ድሃዋን ያደኸየናት እኛ ነን ማለት ነው?»

ሳቅ ፈነዳ። «ራምዚ ብቻውን አንድ ጉድጓድ በልቷል!» አለ ሌላው። «ሦስቴ ነው የጨመረው፣ ቪዲዮ አለኝ!»

«ምን ላድርግ፣ አይቡ አሪፍ ነበራ!» አለ ራምዚ፤ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር።

ሩፋይዳ አልሳቀችም። «እኔ ጽፌው ነበር» አለች፣ ሳትነሣ፣ እጇን ሳታወጣ።

«አውቃለሁ፣ ሩፋይዳ።»

«አንብበውታል። ራይት አድርገውበት ነው የመለሱልኝ። ዓመተ ምሕረት ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። ምንም አላሉም።»

«ልክ ነሽ» አለ ምንተስኖት።

ልክ ነሽ መባሏ ያሳረፋት አይመስልም። የፈለገችው ሌላ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ «ከየቤታችን ቆጮ አዋጥተን ብንመልስላትስ?» ስትል ሩፋይዳ ቀና ብላ አየቻትና «ፊቷ ላይ መትፋት ነው» አለች። ደወሉ ተደወለ። ስለ ድህነት ታሪክ የተመደበው ክፍለ ጊዜ በዚሁ አለቀ።

ረቡዕ ከሰዓት ባጃጅ ይዞ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ ሄደ፤ ከዚያ በእግሩ ወረደ። የዘቢዳር ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኗል። ሳሌሃ ከቤቷ ጀርባ ነበረች፤ የመጨረሻውን ጉድጓድ ክዳን ድንጋይ ወደ ጎን አንሥታ ኮባውን ልትገልጥ ጎንበስ ስትል ነው የደረሰባት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ ሳሌሃ።»

«ወአለይኩም ሰላም! አስተማሪ! ና ግባ!» ደስ አላት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ አጭርና የሚበቃ። «ቅዳሜ ስንት ሰው?»

«ለእሱ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ አንመጣም። የልጆቹ ፈተና ደርሷል።»

ወገቧን ቀና አደረገች። «እንግዶቹስ?»

«እነሱም ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሚሄዱት።»

«ቤቴ ጠቧቸው ነው?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ባለፈው ጎመኑ አነሰ። አይቻለሁ። አንዱ ልጅ ዞሮ ዞሮ ድስቱን አየ።» ራምዚን ማለቷ ነበር። «ተናገሩ? ልጆቹ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም፣ እማማ። አመስግነው አይጠግቡም። ሥራው ስላለቀ ነው። አረሙም አልቋል፤ አጥሩም ቆሟል።»

ሳሌሃ ማሳዋን ዞር ብላ አየችው። እንሰቶቹ ንጹሕ አፈር ላይ ቆመዋል፤ ፍጉ በየሥራቸው ጠቁሯል። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«ደቦው አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ» አለ ምንተስኖት። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደረቱ ቀለለው።

«አለቀ ካልክ እሺ።»

ጎንበስ ብላ ኮባውን መለሰችው፤ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጫነችበት። ምንተስኖትም ትልቁን ድንጋይ አገዛት። ጉድጓዱ ተረፈ አለ በልቡ። ፈቲሀ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። ከዚያ ሳሌሃ እጇን ታጥባ «ግባ፣ ብላ» አለችው። ጠግቤያለሁ አለ፤ ቸኩያለሁ አለ፤ ጨጓራ አለብኝ አለ። ሁሉንም እንዳልሰማች አለፈችው። ከምትበላው ላይ አንሥታ ቁራሽ ቆጮ በተበደረችው ቅቤ ለውሳ ፊቱ አስቀመጠች፤ በልቶ እስኪጨርስም ከፊቱ አልተነሣችም።

ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት አዳራሹ ሞላ። ባነሩ ተሰቀለ። ከዞን የመጡት አራት እንግዶች ከመኪና ሲወርዱ ከማሉ በሁለት እጁ እየጨበጠ ተቀበላቸው። ምንተስኖት ከረቫቱን እያስተካከለ ሪፖርቱን በብብቱ ይዞ መድረክ ሊወጣ ሲል ዘበኛው ከኋላ እጅጌውን ያዘው።

«ቲቸር፣ አንዲት ሴትዮ ማጭድ ይዛ መጥታለች። ለከብት ሣር የምታጭድ መስሎኝ አስገባኋት። አሁን አንተን እየጠራች ነው።»

ምንተስኖት ሮጦ ወጣ። ሳሌሃ ከአዳራሹ ፊት ለፊት፣ ክረምቱን ሙሉ ያልታጨደው ሣር ውስጥ ቆማ ነበር። ንጹሕ ቀሚስ ለብሳለች፤ ሻሿን አጥብቃ አስራለች፤ ስንቅ አልያዘችም።

«እማማ! ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ከየት ልጀምር?» አለችው ሣሩን በማጭዷ እያሳየች።

«ምኑን?»

«ደቦው አለቀ አልክ። የልጆቹ ተራ አለቀ። አሁን የኔ ነው።» ነገሩ ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነው በሚል ዓይን አየችው። «አርባ ሁለት ቤት መሄድ አልችልም። ቤታቸውንም አላውቅም። ትምህርት ቤታቸውን ግን አውቃለሁ።»

«እማማ፣ የኛ ሥራ አይመለስም። ብድር አይደለም።»

«የማይመለስ ሥራ ለማን ነው የሚሠራው?»

ምንተስኖት አፉን ከፈተ። መልሱ ከኋላው፣ ከአዳራሹ በር በላይ፣ በባነሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። እሷ ፊደል አትለይም። ልሳኑ ያንን ቃል በፊቷ ማውጣት እምቢ አለው።

«ቢያንስ ገብተሽ ተቀመጪ» አለ። «የክብር እንግዳ ትሆኛለሽ። ልጆቹ ያዩሻል። እኔ እለምንሻለሁ።»

«ሥራ ይዤ መጥቼ ልቀመጥ?» ሳቀች። «አንተ ሂድ። ሰው ቆሞ ይጠብቅሃል።»

ከማሉ በሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ነበር። «ምንቴ! እንግዶች ተቀምጠዋል! ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

«ጋሽ ከማሉ፣ ሳሌሃ እኮ ናት!»

«በኋላ! ከሪፖርቱ በኋላ እናነጋግራታለን!» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ አታሳፍረኝ፣ በናትህ።»

ምንተስኖት ወደ ሳሌሃ ዞረ። እሷ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን እፍኝ ሣር አጭዳ ነበር። ገባ።

ንግግር ተደረገ። ከዚያ ሌላ ንግግር ተደረገ። ምንተስኖት መድረክ ላይ ከተቀመጠበት በግራ በኩል ያለው መስኮት ሰፊ ነው፤ ቀና ባለ ቁጥር የሻሿ ቀለም ከሣሩ በላይ ይታየዋል። አካሄዷ አይፋጠንም፤ አይቆምም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራሙ፣ እሱም በመስኮቱ አየና ወደ ከማሉ ጆሮ ተጠጋ።

«ግቢያችሁን በደንብ ነው የምትይዙት። ቅዳሜም ሠራተኛ አላችሁ።»

«እንሞክራለን» አለ ከማሉ።

ሩፋይዳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። መስኮቱን ያየችው ሁለተኛው ንግግር ሲጀመር ነው። አየች፤ ከዚያ ምንተስኖትን አየች። ተነሥታ በወንበሮቹ መሃል ወደ በሩ መንገድ ጀመረች። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው መምህር በሁለት ጣቱ ትከሻዋን ያዘ። «እንግዶች እያሉ የት? ቁጭ በይ።» ምንተስኖት «ተዋት» ሊል ከንፈሩን አላቀቀ። በዚያው ቅጽበት ስሙ ተጠራ። ጭብጨባ ሆነ። ሩፋይዳ ተቀመጠች።

አነበበ። አሥራ አንድ ገጽ ነበር። በሦስት ቅዳሜዎች የታረመውን ማሳ፣ የታጠረውን አጥር፣ የተሳተፉትን ተማሪዎች ቁጥር አነበበ። አራተኛው ገጽ ላይ ራምዚ ያነሣው ፎቶ ነበር፤ ሳሌሃ ቆጮ የሞላ ትሪ ይዛ ትስቃለች። ከፎቶው ሥር «ድህነት ልብን አያደኸይም» የሚለው ዓረፍተ ነገር አለ። ሊዘለው አስቦ ነበር፤ ዓይኑ ሲደርስበት ግን ከማሉ ከጎኑ ቅጂውን በጣቱ እየተከተለ ነበርና አነበበው። እንግዶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሁለት ልጆች ብስኩትና የታሸገ ውሃ በትሪ ይዘው ከፊት ረድፍ ጀምረው አደሉ። ትሪው መስኮቱ አጠገብ ደርሶ ተመለሰ። ውጭ ፀሐዩ ከሯል።

«...በመሆኑም ይህ ተሞክሮ በቀጣዩ ወሰነ ትምህርት ወደ አሥር ቤቶች ይሰፋል» ብሎ ጨረሰ።

ረጅም ጭብጨባ ተደረገ። ከማሉ ተነሥቶ ጥያቄና አስተያየት ካለ ብሎ አዳራሹን ጋበዘ። ወፍራሙ እንግዳ ማይኩን ተቀበለና፣ በጣም መደሰቱን፣ አሥር ቤት ግን ማነሱን፣ ለምን ሃያ እንደማይሆን ጠየቀ። ሌላዋ የቤቶቹ መምረጫ መስፈርት በጽሑፍ እንዲሆን አሳሰበች። ከማሉ ይህን «ወርቃማ አስተያየት» ብሎ መዘገበው። አንድ ወጣት ባለሙያ ተማሪዎቹ ከሥራው ምን እንደተማሩ አንድ ሁለቱ ቢናገሩ አለ። ከፊት የተዘጋጀች ልጅ ተነሥታ ያጠናችውን ተናገረች። በርትታ ተናገረች፤ ተጨበጨበላት። ሩፋይዳ እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ የፊተኛዋን ልጅ ጀርባ ታያለች።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ምንተስኖት ቀና አለ። ከመስኮቱ ማዶ እስከ አጥሩ ድረስ ሣሩ ወርዷል፤ መሬቱ እንደ ተላጨ ራስ ተራቁቷል። ሳሌሃ ያጨደችውን ሰብስባ በአጥሩ ሥር ከመረችው። ቀና ብላ ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች። ወደ አዳራሹ በር አንድ ጊዜ አየች፤ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ጀርባውን ሰጥቷት መድረኩን ያያል። ማጭዷን በሣር እፍኝ ጠረገችው።

«መምህር ምንተስኖት» አለ ወጣቱ ባለሙያ፣ «የዚህ ሪፖርት ቅጂ ለሁላችንም ይደርሰናል?»

ሳሌሃ ማጭዷን በሻርፕ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ በክፍቱ የግቢ በር ወጣች፤ ወደ አስፋልቱ ታጠፈች።

«ይደርሳችኋል» አለ ምንተስኖት። «በቂ ቅጂ አለ።»